በስንት አጠበቅከው?

ቪትዟ ቄራ አካባቢ ወዳለ አንድ ትንሽ ጋራዥ የገባችው በገመድ ተጎትታ ነው። ሹፌሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ በዚያች መኪና የሜትር ታክሲ እየሠሩ ሦስት ልጆች የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የሆነውን ሲናገሩ ብዙ ቃል አላባከኑም። ከመገናኛ ሲመጡ ከሞተሩ ጎን ታክ ታክ የሚል ድምፅ ሰሙ። ቀጥሎ የባትሪ ምልክቷ በራች። ትንሽ ቆይቶ የሙቀት መብራቱ ቀላ። ዳር ይዘው አቆሙ።

ሜካኒኩ ኮፈኑን ሲከፍት ቺንጋው ከቦታው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብሎ ከታች ያለውን የክራንክ ፑሊ በጣቱ ነካው። ፑሊው ተወዛወዘ። ከሞተሩ ጋር እንደ አንድ ብረት ሆኖ መዞር ያለበት ነገር ሊወልቅ እንደ ደረሰ የወተት ጥርስ ይነቃነቅ ነበር።

ሜካኒኩ ዝም አለ። ያንን ፑሊ ከሁለት ወር በፊት አውልቆ መልሶ የገጠመው እሱ ራሱ ነው።

ያኔ መኪናዋ የመጣችው በቀላል ችግር ነበር። ከፑሊው ኋላ ያለው ፓራኦሊዮ፣ ማለትም የሞተር ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት፣ አርጅቶ ዘይት ያንጠባጥባል። እሱን ለመቀየር ፑሊው መውለቅ አለበት። ፑሊው እንዲወልቅ ደግሞ መሀሉ ላይ ያለው አንድ ትልቅ ብሎን መፈታት አለበት። ሹፌሩ "ማታ ሥራ አለኝ፣ አድርስልኝ" ብለው ነበር። ደረሰላቸው።

ብሎኑን የፈታው በየጋራዡ በሚታወቀው ዘዴ ነው። ረጅም መፍቻ ብሎኑ ላይ ይሰካል፣ ጫፉ ከመኪናው አካል ጋር ይደገፋል፣ ከዚያ ሞተሪኖው ለአንድ አፍታ ይነሳል። ሞተሩ ሊዞር ሲል መፍቻው ስለማይንቀሳቀስ ብሎኑ ይለቃል። አደገኛ ዘዴ ነው፤ መፍቻው ከተፈናጠረ እጅ ይሰብራል። ብዙ ጊዜ ግን ይሠራል።

ችግሩ የሚመጣው ፑሊው ሲመለስ ነው። ሞተሪኖ የሚዞረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ መፍታት እንጂ ማጥበቅ አያውቅም። ብሎኑን ለማጥበቅ ሲሞከር ክራንክ ሻፍቱ አብሮ ይዞራል፤ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። ጋራዡ ውስጥ መያዣ አልነበረም። ረዳቱ ልጅ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ አምስተኛ ማርሽ አስገባና ፍሬን ረገጠ። ሜካኒኩ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ጎተተ። መኪናዋ በክሪኩ ላይ ተወዛወዘች። እጁ ላይ ጥንካሬ ተሰማው። ያ ጥንካሬ ከብሎኑ ይምጣ፣ ከካምቢዮው ይምጣ ወይስ ከፍሬኑ፣ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። "ገብቷል" አለና ጎማውን መለሰ።

እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው አልነበረም። አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ያስተማረው አለቃው ልኩ የሚታወቀው በእጅ ነው እያለ ነው ያሳደገው። እጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይዋሽም። ለትንሽ ብሎን፣ ለጎማ ዳዶ፣ ለዘይት መክደኛ የለመደ እጅ በቂ ሊመስል ይችላል። የክራንክ ብሎን ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ማወቅ ለሜካኒክ ብቻ ሳይሆን መኪና ላለው ሁሉ ይጠቅማል።

የክራንክ ፑሊ ሞተሩ ከሚያመነጨው ጉልበት የተወሰነውን በቺንጋ አማካይነት ለዲናሞው፣ ለኤሲው፣ በብዙ መኪና ደግሞ ለውኃ ፓምፑ ያከፋፍላል። የቪትዟ ባትሪ ምልክት በርታ ሙቀቱ ተከትሎ የወጣው ለዚህ ነው። ቺንጋው ሲወጣ ዲናሞውም ፓምፑም ቆሙ። በብዙ ሞተሮች ፑሊው ሌላም ሥራ አለው። በውስጠኛውና በውጨኛው ብረት መካከል የጎማ ቀለበት አለ፤ ይህ ጎማ ክራንክ ሻፍቱ ሲጠመዘዝ የሚፈጠረውን ንዝረት ይውጣል። ፑሊን በመዶሻ እየደበደቡ ማስገባት ነውር የሆነው በዚህም ምክንያት ነው። ምቱ ጎማውን ይጎዳል፣ አልፎም የክራንክ ሻፍቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት የሚገድቡትን ኩሽኔታዎች ያገኛቸዋል።

ብዙ ሰው ፑሊውን የሚይዘው ክራንኩ ላይ በተቀረጸው ቦይ የምትገባው ኪይ የተባለች ትንሽ ብረት ናት ብሎ ያስባል። ኪይዋ ግን ዋና ሥራዋ ፑሊው በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲገባ ማሳየት ነው። ፑሊውን የሚይዘው የብሎኑ ጭመቃ ነው። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ሽቦ ምንጭ በጣም በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተለጥጦ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሲጎትት ፑሊውን ከክራንኩ ጋር ያጣብቃል። ጭመቃው ካነሰ ፑሊው በዓይን በማይታይ መጠን ወዲያና ወዲህ ማለት ይጀምራል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር በሰከንድ 100 ጊዜ ይተኩሳል። እያንዳንዱ ተኩስ ክራንኩን አንዴ ይገፋል። በሰከንድ 100 ግፊት፣ በቀን አሥር ሰዓት፣ ለሁለት ወር። ትንሿ ኪይ ያን ሁሉ ብቻዋን ልትሸከም አልተሠራችም። መጀመሪያ እሷ ትበላለች፣ ቀጥሎ የተቀመጠችበት ቦይ ይሰፋል፣ በመጨረሻ የክራንኩ አፍንጫ ይፋፋቃል።

ይህ የአዲስ አበባ ጋራዥ ችግር ብቻ አይደለም። ማዝዳ በ1990 እና በ1991 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባወጣቸው ኤምኤክስ ፋይቭ መኪኖች ላይ የክራንኩ አፍንጫ አጭር ስለነበረ ብሎኑ በትክክል ካልጠበቀ ኪይዋና ቦይዋ እየተበሉ ብዙ ሞተር ተበላሽቷል። ፋብሪካውም በኋላ አፍንጫውን አሻሽሎታል። ፎርድና ማዝዳ በጋራ በተጠቀሙባቸው አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ ኪይ የምትባል ነገር ጨርሶ የለችም። ፑሊውም፣ የታይሚንግ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ጥርስም የሚያዙት በአንድ ብሎን ጭመቃ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ታይሚንጉን ሳያስሩ ብሎኑን የፈታ ሰው፣ ቫልቭና ፒስተን እንዲጋጩ በር ከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ ፋብሪካዎች ለዚህ ብሎን ቁጥር ይሰጣሉ። በብዙ ቪትዝና ኮሮላ ውስጥ ያለው ኤንዜድ የሚባለው የቶዮታ ሞተር የክራንክ ብሎን 128 ኒውተን ሜትር ይጠይቃል። የዚህን እጥፍ የሚጠይቁ ሞተሮችም አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ መጀመሪያ በተወሰነ ቁጥር አጥብቀህ ከዚያ 90 ዲግሪ አዙር ይላሉ፤ እነዚህ ብሎኖች ብዙ ጊዜ አንዴ ከተለጠጡ ስለማይመለሱ በአዲስ መተካት አለባቸው።

128 ኒውተን ሜትር ስንት ነው? ግማሽ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ ሩብ ኩንታል ጤፍ እንደማንጠልጠል ነው፤ ትክክሉ 26 ኪሎ ግድም ይሆናል። ቱቦ የሰካ ጎልማሳ ሳያውቀው የዚህን እጥፍ ሊያሳርፍ፣ መያዣ ከሌለው ደግሞ ግማሹንም ሳያደርስ ደከመኝ ሊል ይችላል። ሁለቱም ጊዜ እጁ የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ "ገብቷል"።

እጅን የሚያታልል ሌላም ነገር አለ። ብሎን ለማጥበቅ ከሚወጣው ጉልበት አሥር እጅ ያህሉ ብቻ ነው ብሎኑን የሚለጥጠው። የቀረው ዘጠና እጅ በጥርሱና በብሎኑ ራስ ሥር ባለው ሰበቃ ያልቃል። ጥርሱ ላይ ዝገት ወይም አሸዋ ካለ ሰበቃው ይጨምርና ብሎኑ ሳይለጠጥ የጠበቀ ይመስላል። ፋብሪካው በደረቁ ያለውን ዘይት ከቀቡት ደግሞ በዚያው ቁጥር ከመጠን በላይ ይለጠጣል። ብሎኑን በብሩሽ መጥረግ፣ የሚገባበትን ቀዳዳ ማድረቅ፣ ሮንዴላው በትክክለኛ ፊቱ መቀመጡን ማየት፣ ለአይን ትንሽ የሚመስል ግን ቁጥሩን ትርጉም የሚሰጥ ሥራ ነው።

ሜካኒኩ ይህን ሁሉ ያኔ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፦ ዝም ካለ ማንም አያውቅበትም። መኪናዋ አሮጌ ናት። ብሎን ላላ ቢባል ማን ይጠይቃል? "የቻይና ፓራኦሊዮ ነው"፣ "ፑሊው ራሱ አርጅቶ ነበር" ማለት ይቻላል። ሹፌሩም የሚያምኑት ይመስላሉ። እንዲያውም የመጀመሪያ ቃላቸው "ዕድሌ ነው" የሚል ነበር።

ግማሽ ቀን ተብሰለሰለ። ምሳ ሰዓት ላይ ሹፌሩ ሻይ ይዘው ሲመጡ እንዲህ አላቸው፦

"ጋሼ፣ ያንን ብሎን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። በቱቦ ነው ያጠበቅኩት። ልኩን አላውቅም ነበር።"

ሰውየው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጠየቁት ጥያቄ ከስድብ ይከብዳል፦

"ታዲያ ልኩን ማን ነው የሚያውቀው?"

ልኩ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፏል። በስልክ ይገኛል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የፈለገው ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጋራዥ የሚገባ ደንበኛ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ስንት ነው? መቼ ያልቃል? ሁለቱም ጥያቄዎች ሜካኒኩን ወደ ፍጥነትና ወደ ርካሽ ይገፉታል። በስንት አጠበቅከው የሚል ሦስተኛ ጥያቄ የለም። የማይጠየቅ ነገር ደግሞ ቀስ በቀስ የማይሠራ ነገር ይሆናል።

ክራንኩ ሊድን ስላልቻለ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ተገዛ። ሜካኒኩ የእጅ ዋጋ አልጠየቀም፤ የሞተሩን ግማሽ ዋጋም በየወሩ እየቆረጠ ለመክፈል ተስማማ። ሹፌሩ ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ተቀመጡ። ያቺ ብሎን በቁጥሯ ብትጠብቅ ኖሮ የሚፈጀው ተጨማሪ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሞተሩ ተገጥሞ ፑሊው ሊመለስ ሲል ያው ጥያቄ ተመለሰ። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የተፈለገው ጥንካሬ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ የሚናገር መፍቻ፣ ጋራዡ ውስጥ የለም። ሜካኒኩ "ገንዘብ ሲገኝ ይገዛል" ሊል ነበር። ረዳቱ ልጅ ቀደመው። ከዱባይ የምትመላለስ እህቱ የሻንጣ መመዘኛ አላት። በእጅ የሚያዝ፣ ሻንጣው ጫፉ ላይ የሚንጠለጠል፣ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን። "በግማሽ ሜትር 26 ኪሎ ካልን፣ ለምን በእሱ አንስበውም?" አለ።

ሠራ። መጀመሪያ ከወፍራም ላሜራ መያዣ ቆረጡ። በብዙ የቶዮታ ፑሊ ፊት ላይ ብሎን የሚቀበሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ ላሜራው በእነሱ ታስሮ ክንዱ መኪናው አካል ላይ ሲያርፍ ክራንኩ መዞር ያቆማል። ፍሬን የሚረግጥ ሰው አላስፈለገም፤ ካምቢዮውም ከሥራው ነፃ ወጣ። ከዚያ ከብሎኑ መሀል ግማሽ ሜትር ለክተው መፍቻው ላይ ምልክት አደረጉ፤ መመዘኛውን እዚያ አሰሩ። ከመፍቻው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርተው፣ ሳይነጥቁ፣ በዝግታ ሳቡ። 20፣ 23፣ 25፣ 26። ሜካኒኩ ቆመ። በልማዱ ቢሆን ኖሮ ገና ይጎትት ነበር፤ ወይም ከዚያ በፊት ያቆም ነበር። የትኛው እንደሆነ ራሱም አላወቀም። በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን በሚዛን አየው።

የሻንጣ መመዘኛ እንደ ቶርክ ሬንች ትክክለኛ አይደለም። ግን ከግምት እጅግ ይሻላል። ከዚህ በላይ አንድ ሰበብ ሰብሯል። "መሣሪያ የለንም፣ ድሃ ነን" የሚለው ቃል በየሙያው ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም እውነት አለው። ነገር ግን ልክን መፈለግ የሚጀምረው ከመሣሪያ በፊት ነው። ቁጥሩን ለማወቅ ያልፈለገ ሰው ውድ ቶርክ ሬንች ቢሰጡት መዶሻ ያደርገዋል። የፈለገ ደግሞ የሻንጣ ሚዛን ይበቃዋል።

በኋላ ቶርክ ሬንቹም ተገዛ። እሱም የራሱ ሥርዓት አለው። ብሎን አይፈታበትም። አይጣልም። ከሥራ በኋላ ውስጡ ያለው ምንጭ እንዳይደክም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመለሳል። በዓለም አቀፉ ደረጃ መሠረት ሌላ መመሪያ ከሌለ በየ12 ወሩ ወይም 5,000 ጊዜ ከሠራ በኋላ ልኩ ይፈተሻል። የሚለካውም መለካት አለበትና።

አንድ ጋራዥ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። የክራንክ መያዣ፣ ልኩን የጠበቀ ቡሶላ፣ ቶርክ ሬንች፣ ፑሊውን በእኩል የሚስብ መንቀያ። የሆንዳ ሞተር የሚነካ ከሆነ ፑሊው መሀል ባለው ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ የሚገባ 50 ሚሊ ሜትር መያዣ ይጨምራል። ጥብቅ ብሎ የሚገባ ፑሊ ባላቸው የአሜሪካ ቪ8 ሞተሮች ላይ ደግሞ ፑሊውን በራሱ ብሎን እየሳቡ ማስገባት የክራንኩን የመጀመሪያ ጥርሶች ስለሚበላ፣ ረጅም ጥርሳም ዘንግና ኩሽኔታ ያለው ማስገቢያ ያስፈልጋል። በአየር የሚሠራው ኢምፓክት ለመፍታት ጥሩ ነው። ለማጥበቅ ግን እሱም እንደ ቱቦው ነው፤ የኮምፕሬሰሩ አየር ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበቱም ይለዋወጣል።

ይህ ጉዳይ ከአንድ ጋራዥ አልፎ የአገር ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የፖሊሲውን ደግነትና ክፋት መከራከር ይቻላል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው። አሁን መንገድ ላይ ያለችው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይሩፍ ለብዙ ዓመት ምትክ የላትም። እንደ ቤት ትያዛለች፣ እንደ ቤት ትታደሳለች። አንዴ ብቻ ይከፈት የነበረ ሞተር ሦስቴ አራቴ ይከፈታል። በተከፈተ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ያንን ብሎን መልሶ ያጠብቃል። በግምት ወይም በቁጥር።

በዓመት አንዴ ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ ፍሬንና መብራት ያያል፤ የክራንክ ብሎን በስንት እንደጠበቀ ግን ከውጭ አይታይም። ተቆጣጣሪ ቢመደብም ዞሮ ዞሮ ሥራውን የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። ስለዚህ ኃላፊነቱ ወደ ሁለት ሰዎች ይመለሳል። ሳይለካ "ገብቷል" ከማለት ራሱን ወደሚያቅበው ሜካኒክና ከዋጋና ከሰዓት ሌላ ጥያቄ ወደሚጠይቀው ደንበኛ። "ማታ አድርስልኝ" ያለ ደንበኛም ከጥፋቱ ድርሻ አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ ይህ ሁሉ ያበቃል የሚል ካለ ተሳስቷል። እውነት ነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ክራንክ ሻፍት የለውም። ነገር ግን የባትሪውን ወፍራም ገመዶች የሚያስሩት ብሎኖች የራሳቸው ቁጥር አላቸው፤ የላላ የኤሌክትሪክ ማሰሪያ ይግላል፣ ከዚያም ይቃጠላል። የዛሬው ግምት ወደዚያ ጋራዥ ከተሻገረ የሚያስከፍለው ዋጋ ካገለገለ ሞተር ይበልጣል።

ቪትዟ ዛሬም ትሠራለች። ሜካኒኩ አሁን የክራንክ ብሎን ባጠበቀ ቁጥር ከብሎኑ ራስ ጀምሮ ፑሊው ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀይ የጥፍር ቀለም ያሰምራል። ብሎኑ ቢላላ መስመሩ ይሰበራል፤ ባትሪ ያለው ሰው ሁሉ አብርቶ ሊያየው ይችላል። ልጁ ደግሞ በደብተር ላይ ታርጋውን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ይጽፋል።

ሹፌሩ ጎማ ለማስነፋት ብቅ ባሉ ቁጥር ጎንበስ ብለው መስመሩን ያያሉ። አንድ ቀን ሌላ ደንበኛ ከጎናቸው ቆሞ ስለ ዋጋ ሲከራከር ሰሙና ጣልቃ ገቡ።

"ዋጋውን ተወው፣ ልጄ" አሉት። "መጀመሪያ በስንት እንደሚያጠብቀው ጠይቀው።"